መወርወሪያው

ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ጦሳ ጉም ደርቧል፣
የሆስፒታሉ አሮጌ መጋዘን ጣሪያው ያንጠባጥባል።
የኔ ሥራ ሽቦ ማጣበቅ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ሽቦ ለአንድ ራስ፣
ፀጉር በማበጠሪያ ጫፍ ከፍሎ ቅባቱን ከቆዳ ማድረስ፣
ሲያበቃም በሞቀ ውሃ የደረቀውን ማራስ።
ሐኪም አይደለሁም። ግን ከደሴ ሰው ስንቱን
በአናቱ ነው የማውቀው፤ መላጣውን፣ ጠባሳውን፣ የተደበቀ ሽበቱን።

ዶክተር ጦይባ እንዲህ ትላለች፦
«ሁለት የአንጎል ሴሎች አይነካኩም፤ እዚያ ላይ ነው ምስጢሩ፣
በመሃል ክፍተት አለ፣ ከፀጉር በሺህ የቀጠነ ድንበሩ።
አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ይቀልባል፣
የተረፈውን ወርዋሪው መልሶ ይሰበስባል።
ሐዘን ሲከርም ወይ ክንድ ይዝላል፣ ወይ መዳፍ ይጨበጣል።
ከሰል፣ ጭቃ፣ ቀለም ያን መዳፍ ይፈታው እንደሆን ነው ጥያቄዬ፤
ይፈታል አላልኩም። ‹እንደሆን› የምትለዋን አስምርባት፣ ሙሄ።»

አላሰመርኩም። ለኔ የገባኝ በአዝዋ ገደል በኩል ነው፤
ልጅ ሳለን የማዶውን ልጅ በጩኸት ስንሰድበው፣
ስድቡ ገደሉን ተሻግሮ፣ ግማሹ ጉም ውስጥ ቀርቶ፣
መልሱ እስኪመጣ ጆሮ ብቻ ሆነን፣ ትንፋሻችን ጠፍቶ።

አንዲት የሰኞ ገበያ ነጋዴ ከጭቃ ሚዛን ትሠራለች፣
ሁለቱም ጣባ ባዶ፤ አንዱ ግን ያዘነበለ።
አሊጋዝ ከበሩ አጠገብ ነው። ከኮምቦልቻ፣ ከጨርቃ ጨርቁ፣
የሽመና ማሽን መካኒክ። ከዚያ ዓመት ወዲህ ቃል አልወጣውም።
ሚስቱ ራህማ የሱንም ድርሻ ታወራለች፤
ለሁለት ሰው ስትናገር ከስታለች።

ከሰል ሰጠነው፤ ጀርባው ንጹሕ የሆነ የድሮ ደረሰኝ ላይ
መስመር አሰመረ፤ ሁሉም ከላይ ወደ ታች፣ አንዱ ካንዱ ሳይተያይ።
ድር ብቻ። ማግ የለውም።
በሁለተኛው ሐሙስ ድር። በሦስተኛው ድር።
በአራተኛው አልመጡም፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበር።
በአምስተኛው ሞገዱ ከስክሪኑ ላይ ድንገት ተነሣ፣
እኔ ከወንበሬ ዘለልኩ፤ ሽቦውን ሁሉ ረሳሁ።
ጦይባ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች፦
«ዐይኑን ነው ያርገበገበው» አለች። ሰረዘች።
እንዲህ ናት፤ የራሷን ተስፋ በቀይ እስክሪብቶ የምትሰርዝ።
ማታ ግን፣ ጃኬቴን ረስቼ ስመለስ፣
ያንኑ የተሰረዘ መስመር ጎንበስ ብላ ስታይ አገኘኋት።

በስምንተኛው ሐሙስ መብራት ጠፋ።
ማሽኑ ሞተ፤ ሽቦው በአሊጋዝ ራስ ላይ ተራ ገመድ ሆነ፤
እሱ ግን በጭላንጭሉ ሲያሰምር ቆይቶ፣ እጁን አነሣ፣
ጠረጴዛውን ዳሰሰ፣ ከወረቀቱ ሥር፣ ከወንበሩ ኋላ፣
ከዚያም ዝገት በያዘ ድምፅ፦
«መወርወሪያዋን ማን ወሰዳት?»

ራህማ አፏን ከፈተች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው አጣች።
እኔ ምን ልስጠው? ኪሴ ውስጥ ያለችው ያቺው ማበጠሪያ ናት።
ተቀበለኝ። በድሩ መሃል ሰደዳት፣ ከዳር እስከ ዳር፣
ድንገትም ወደኔ ወረወራት።
ቀለብኩ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ በጨለማ፣ በግራ እጄ።

ጦይባ መዝገቡ ላይ ጻፈች፦ «መብራት አልነበረም። መረጃ የለም።»
ከሥሩ በእርሳስ፣ በጣም በትንሹ፣ ያንን ጥያቄ ቃል በቃል።

ሲመሽ በሀረጎ ቁልቁል ወረድን። ጉሙ መስተዋቱን ለብጦታል፤
ሾፌሩ እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ክላክሱን ይመታል፣
ይመታና መስኮቱን ከፍቶ ያዳምጣል።
እኛም፣ አሥራ ሁለት ሰው፣ ዝም።
ራህማ ዝም። አሊጋዝ ማበጠሪያዬን ጉልበቱ ላይ ይዞ፣ ዝም።
ከታች፣ ከማይታየው ዙር፣
አንድ መኪና መለሰ።